ጮቤ ያስረገጠን 1982

1982 ዓ.ም. እንዴት ያለ ዓመት ነበር! ገና ከዕንቁጣጣሹ ነው የጀመረው። እኛ አዲስ አበባ ላይ ቄጤማ ጎዝጉዘን “እንኳን አደረሳችሁ” ስንባባል፣ በዚያችው ዕለት፣ በፈረንጆቹ መስከረም 11 ቀን 1989፣ ሃንጋሪ ወደ ኦስትሪያ የሚያሻግረውን ድንበሯን ለምሥራቅ ጀርመኖች ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሕዝቡ ልጁንና ሻንጣውን በትራባንት መኪናው ጭኖ ወደ ምዕራብ ጎረፈ። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁመው! ጥቅምት 30 የበርሊን ግንብ ተከፈተ። ኅዳር ላይ ፕራግ አደባባይ ወጣች። ታኅሣሥ ላይ የሩማኒያው ቻውሼስኩ ወደቀ። የካቲት 4 ቀን ኔልሰን ማንዴላ ከ27 ዓመት እስር በኋላ በእግራቸው ከወህኒ ወጡ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ የእኛው ፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሳይቀሩ “ቅይጥ ኢኮኖሚ” ብለው ብቅ አሉ! ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ገና ፋሲካ ሳይደርስ!

ያንን ዓመት ባነሣሁ ቁጥር ልቤ ይዘላል። ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ዛሬ ቨርጂኒያ ውስጥ ልጆች የማሳድግ፣ ጸጉሬ ገብስማ የሆነ ሰው ነኝ። በአመለካከቴ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ ቤተሰብ ይቅደም፣ ቤተ እምነት ይከበር፣ ንብረት የባለቤቱ ይሁን፣ መንግሥትም ልኩን ይወቅ ከሚሉት ወገን። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን አቋም እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ከቴሌቪዥን የለቀምኩት ይመስላቸዋል። የተማርኩት ግን አዲስ አበባ፣ ቀበሌያችን ውስጥ ነው፤ ያስመረቀኝም ያ ዓመት ነው።

አባባ አንዲት ትራንዚስተር ሬዲዮ ነበረችው። የቆዳ ልብሷ ጥግ ጥጉ ተልጧል፣ አንቴናዋ ከወገቡ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። የባትሪ ድንጋይ እንደልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ውድ ነው። ስለዚህ እማማ ቀን ቀን የደከሙትን ድንጋዮች፣ በርበሬ ከተሰጣበት ሰፌድ ጎን ፀሐይ ላይ ታውላቸውና ለማታው ዜና ነፍስ ይዘራሉ። ከፀሐይ አንሥቼ ወደ ሬዲዮኗ የምከታቸው እኔ ነበርኩ። ሙቀታቸው መዳፌን ሲነካኝ ዜናው ራሱ እጄ የገባ ይመስለኝ ነበር!

ሲመሽ መስኮቱ ይዘጋል፣ መጋረጃው ይወርዳል፣ ድምፁ ዝቅ ይላል። አባባ ጆሮውን ለጥፎ ቁልፉን በጣቱ ጫፍ ያዞራል። አጭር ሞገዱ ይንሿሿል፣ ያፏጫል፣ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይመጣል። የጀርመን ድምፅ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛ ሲያሰራጭ የኖረ የድሮ ወዳጃችን ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ግን ያኔ ገና አሥር ዓመት ያልሞላው ጎረምሳ ነበር። እዚያው አዲስ አበባ ላይ ብሥራተ ወንጌል የሚባል፣ ሩቅ አገር ድረስ የሚሰማ ጣቢያ ነበረን፤ ደርግ በ1969 ወርሶ “የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ” አድርጎታል። እንግዲህ የገዛ አገራችን ጣቢያ የማይነግረንን የዓለም ወሬ ከኮሎኝና ከዋሽንግተን እንለቅመው ነበር። ዛሬ በኪሴ የያዝኩት ስልክ የዓለምን ጣቢያ ሁሉ ያመጣልኛል። ያን ያህል ጥም ግን የለኝም።

የግንቡን ወሬ የሰማነው በማግሥቱ፣ ኅዳር 1 ቀን ማታ ነው። ዓርብ ነበር፤ ገበታው ላይ ሽሮ ቀርቧል። ሬዲዮው ታሪኩን ሲያወራ ማመን አቃተን። ጉንተር ሻቦቭስኪ የሚባል የምሥራቅ ጀርመን ፓርቲ ሹም ለጋዜጠኞች መግለጫ ይሰጣል። ዜጎች ወደ ውጭ እንዲጓዙ የሚፈቅደው አዲስ ደንብ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው ሲሉት፣ ወረቀቱን ያገላብጥና እሱ እስከሚያውቀው ድረስ ከአሁኑ ጀምሮ ነው ይላል። በቃ! ሕዝቡ ወደ ግንቡ ተመመ። ጠባቂዎቹ ከበላይ ትእዛዝ ቢጠብቁ ትእዛዝ የለም፤ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ቦርንሆልመር ጎዳና ላይ ያለው ኬላ በሩን ለቀቀው። 28 ዓመት ሰው የተገደለበት ግንብ በአንዲት ሌሊት የሠርግ ቤት ሆነ!

አባባ ተነሣ። እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። ከዚያ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ እልልታ (ግድግዳውም ጆሮ አለውና) ድምፁን አጥፍቶ እስክስታ ወረደ! ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ እንባው ይወርዳል፣ አፉ ግን አይከፈትም። እማማ አፏን በነጠላዋ አፍና እየሳቀች ከጎኑ ቆመች፤ እኔና እህቴም ተከተልን። አራት ሰው ያለ ዘፈን ሲጨፍር ያየ የለም፤ እኛ ጨፍረናል።

ለበርሊን ይህን ያህል ምን አስደሰታችሁ ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ጓሯችን ውስጥ ነበር። አባባ ከዋናው ቤታችን ኋላ፣ ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ጭቃውን ራሱ እያስቦካ፣ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ያከራይ ነበር። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቀበሌ ተረከባቸው፤ የእኛም በዚያ ገባች። የአባባ ቤት በአንድ ቀን “የቀበሌ ቤት” ተባለች። ተከራዮቹ ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ኪራዩ ስለቀነሰላቸውም ተደስተዋል፣ አልፈርድባቸውም። ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ግን የድሮ ልማዳቸው ሆኖ አባባ ዘንድ መጡ። አባባ መሰላሉም፣ ቆርቆሮውም፣ ሚስማሩም ነበረው፤ የሌለው መብቱ ነበር። ቀበሌ ሄዱ። በጀት የለም ተባሉ። በሚቀጥለው ክረምት ደግመው ሄዱ፤ ኮሚቴው ያየዋል ተባሉ። ጣሪያውን ኮሚቴው ሳያየው ዝናቡ ጨረሰው። አባባ ያን ጣሪያ በየማለዳው ቆሞ ያየው ነበር። በገዛ እጁ የመታውን ሚስማር ዝገት ሲበላው የሚያይ ሰው ስለ ንብረት መብት መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም።

ለመሬቱም እንዲሁ ነው። የጭሰኛው ብሶት እውነት ነበር፤ እርቦ ሲሶ እየሰፈረ የሚኖር ገበሬ ፍትሕ ይገባው ነበር፣ የቀድሞው ሥርዓትም በጊዜው ባለማረሙ ጥፋተኛ ነው። ወግ አጥባቂ ነኝ ስል የነበረው ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም። ደርግ ግን ከባለርስቱ የነጠቀውን ለገበሬው በባለቤትነት አልሰጠውም፤ ራሱ የሁሉም ባለርስት ሆነ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ተብሎ ጸንቷል። ገበሬው የሚሸጠው የሚለውጠው መሬት እስከ ዛሬ የለውም፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል።

አርሲ የሚኖር አጎቴ በየካቲቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ንግግር ማግሥት ያደረገውን ሲያወራ ግን ቁጭቱን ሁሉ ያስረሳል! እሱንና ጎረቤቶቹን ቀድሞ መንደር አሰባስበዋቸው፣ በአምራቾች ኅብረት ሥራ አስገብተዋቸው ነበር። በሬው የጋራ፣ መሬቱ የጋራ፣ እህሉ ደግሞ በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መንግሥት በተመነው ዋጋ ይሰፈራል። ትርፍ ጤፍ ይዞ ወደ ሌላ አውራጃ የሚሄደውን ኬላው ላይ ይወርሱታል። የካቲት 26 ፕሬዚዳንቱ ተናገሩ። ገበሬው ቃሉን በሬዲዮ ሰማ፤ የማስፈጸሚያ መመሪያ አልጠበቀም፣ ካድሬ አላስፈቀደም። አፉ እንደተፈታ ጆንያ ያ ሁሉ ኅብረት ሥራ በሳምንታት ውስጥ ተዘረገፈ! አጎቴ በሬውን በጆሮው ምልክት ለይቶ ከጋራው በረት ነድቶ ወጣ። ጎረቤቱ ሞፈሩን አነሣ። ያልተግባቡበትን ማሳ ሽማግሌ አስቀምጠው ለያዩት፣ በየፊናቸውም ወደ ቀድሞ ቀዬአቸው ጎጇቸውን ነቅለው ተመለሱ። አሥራ አምስት ዓመት የተለፋበት ዕቅድ ሲፈርስ፣ አገር የሚያስተዳድረውን ሽምግልና ማንም ሳያስተምራቸው እጃቸው ላይ አገኙት። ይህን ሲነግረን አባባ “ድገመው! ድገመው እንጂ!” ይለው ነበር። አጎቴም ይደግመዋል፤ በየጊዜው በሬው እየገዘፈ ይሄዳል።

በዚያው ሰሞን ነው የአጎቴ ልጅ ደብዳቤ ከላይፕዚግ የደረሰን። ምሥራቅ ጀርመን ብዙ የኢትዮጵያ ልጆችን በነፃ ትምህርት ትወስድ ነበር፤ እሱም ከእነሱ አንዱ ነው። ደብዳቤው መስከረም 29 ቀን፣ ግንቡ ከመከፈቱ ከወር በፊት ያየውን ይተርካል። ላይፕዚግ ላይ የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዚያ በየሳምንቱ ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት የሰላም ጸሎት ይደረጋል፤ ለዓመታት ሳይቋረጥ የቆየ፣ መጀመሪያ ጥቂት ሰው ብቻ የሚመጣበት ጸሎት። የዚያን ሰኞ ግን ከጸሎቱ በኋላ 70 ሺህ ያህል ሰው ጎዳናውን ሞላው። ወታደርና ፖሊስ መሣሪያውን ይዞ በየማዕዘኑ ቆሟል። ሕዝቡ ሻማ ይዟል። የዚያ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ክርስቲያን ፉረር ኋላ ሲያስረዱ፣ ሻማ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ ሌላው ነፋስ ይከላከላል፤ ስለዚህ ድንጋይ የሚያነሣ እጅ አይተርፍም ብለዋል። ጥይት አልተተኮሰም። አንድም!

እማማ ይህን ስትሰማ ተነሥታ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ አማተበች። ጧፍ ይዛ ያደገች ሴት ናት፤ ማንም ሊያብራራላት አያስፈልግም ነበር። እኔም ያኔ የገባኝ ነገር ከዚያ ወዲህ አልተወኝም። ያን አገር ነፃ ያወጣው፣ ሰው ቁጥሩ ባነሰበት ጊዜ እንኳን ሰኞ በመጣ ቁጥር በሩን ከፍቶ የጠበቀ አንድ ደብር ነው። ፖላንድም ውስጥ ከሶሊዳርነት የሠራተኞች ማኅበር ጀርባ የቆመው የገጠርና የከተማ ደብር ነበር፤ ፖላንዳዊው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1979 አገራቸውን ሲጎበኙ ሚሊዮኖች ተሰብስበው “ለካ እኛ ብዙ ነን” ብለው ተያዩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሶሊዳርነት ከ100 የሴኔት ወንበሮች 99ኙን ጠራርጎ ወሰደ። ሩማኒያ ውስጥም እሳቱ የተነሣው ቲሚሾዋራ ላይ አንድን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከቤቱ ሊያስወጡ ሲሞክሩ ምእመናኑ ደጁን ስለከበቡ ነው። መንግሥት የሰው ጓዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ጎረቤትን ነው። ጎረቤት ካለ ይቆማል።

የእኛ ሰፈር ዕድርም እንዲሁ አልተበገረም። ቀበሌው በላዩ ቢያንዣብብም፣ ሊቀ መንበሩ በየስብሰባው ቢገኝም፣ ጥሩምባው በተነፋ ቁጥር ድንኳኑ ይተከላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ለቀስተኛው ይደርሳል። በዚያ ዘመን ሰው የልቡን የሚተነፍሰው ድንኳን ውስጥ ነበር። ካድሬው ራሱ እናቱ ስትሞትበት የተቀበረችለት በዕድሩ ነው።

ወደ ግንቡ ልመለስ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬጋን በብራንደንቡርግ በር ፊት ቆመው የሶቪየቱን መሪ ጎርባቾቭን ግንቡን ያፍርሱ ያሉት ሰኔ 1979 ዓ.ም. ነው። የገዛ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ዐረፍተ ነገሩ ይውጣ እያለ ቢወተውታቸውም እሳቸው ግን አላወጡትም። አባባ ሬጋንን የሚወዳቸው በዚህ ብቻ አልነበረም። በ1977 ረሀቡ በጸናበት ጊዜ፣ አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በድግስ ሲከበር፣ ዋሽንግተንን በየቀኑ ለሚሰድብ መንግሥት አገር ከሁሉ የበዛውን እህል የላኩት እሳቸው ናቸው፤ የተራበ ሕፃን ፖለቲካ አያውቅም ብለው። ግልጽ ጠላትን ጠላት ማለትና ለጠላት አገር ሕፃን ስንዴ መላክ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው እንደሚኖሩ አባባ ከዚያ ተማረ፤ እኔም ከእሱ።

የእንግሊዟን ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ግን በደንብ ያወቅኋቸው እዚህ ከመጣሁ በኋላ በንባብ ነው፤ ሳነብም ብድግ አልኩ! እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የቤቶች ሕግ የመንግሥት ቤት ተከራዮች የሚኖሩበትን ቤት በቅናሽ እንዲገዙት መብት ሰጠ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቤት ባለቤት አገኘ። ሰው ቁልፉን በተረከበ ሰሞን መጀመሪያ የሚያደርገው በሩን መቀየር፣ ቀለም መቀባት ነበር ይባላል። የእኛ ቀበሌ ቤት ሲያፈስ፣ እዚያ ማዶ የቀለም ብሩሽ ይሸጥ ነበር ማለት ነው! የተሸጡትን የሚተኩ ቤቶች በበቂ አለመሠራታቸው ዛሬ እንግሊዞችን ያስቆጫቸዋል፤ ቁጭታቸውም ትክክል ነው። የባለቤትነቱ ነገር ግን ማንም ሊያስተባብለው አይችልም።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን የሌኒን ሐውልት ተነቅሎ ወደቀ። ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችን የማርክስ ሐውልት ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ማርክስን የላከችልን አገር ራሷ ከካርታ ጠፍታለች፣ ካርል ማርክስ ሽታት ተብላ የነበረችው ከተማቸውም በነዋሪዎቿ ድምፅ ኬምኒትዝ ወደሚለው ስሟ ተመልሳለች። ይቁም፤ ልጆች እንዲጠይቁበት። ግንቡ ከቆመበት ዘመን ይልቅ የፈረሰበት ዘመን ከበለጠም እነሆ ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አሁንስ? አሁን ያለው ዓለም ይገርመኛል፣ ያሳስበኛል፣ ተስፋም ይሰጠኛል። ያኔ ቤተሰብን፣ ደብርን፣ ዕድርን በጉልበት ሊያፈርስ የተነሣ መንግሥት ነበር፣ አልቻለም። ዛሬ ማንም ሳያስገድደን በገዛ እጃችን ባዶ እያስቀረናቸው ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነት ጉዳይ ሚኒስትር ሾመች። ጃፓን በ2021 ተከተለች። በ2023 የአሜሪካ የጤና ዋና ሹም የነበሩት ዶክተር ቪቬክ መርቲ ብቸኝነት በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሲጋራ ከማጨስ እንደማይተናነስ አስጠነቀቁ። ደቡብ ኮሪያ፣ ያቺ የኮሪያ ዘማቾቻችን ደም ያፈሰሱላት፣ በሀብት ተራራ ላይ የወጣች አገር፣ በዚያው ዓመት አንዲት ሴት በአማካይ የምትወልደው ልጅ 0.72 ሆነባት። ሕዝብ ራሱን ለመተካት ከ2 በላይ ያስፈልገዋል። በዚህ ዘመን ጦርነት አልደረሰባት፣ ረሀብ አልገባባት! መንግሥቷ ለወላጆች ገንዘብ አፍስሷል። ገንዘብ ይረዳል፤ የልጅን ናፍቆት ግን የሚያሳድረው በአያት፣ በአክስት፣ በክርስትና እናት የተሞላ ቤት ነው።

ባለፈው ክረምት እዚህ ቨርጂኒያ የዕድራችን አባል የሆኑ አንዲት እናት አረፉ። ከሰዓት በኋላ መርዶው ተላለፈ፤ ሳይመሽ ወንበሩ ተደረደረ፣ እንጀራው በአንሶላ ተሸፍኖ ገባ፣ ቡናው ተፈላ፣ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስፈልገው ገንዘብ በዕድሩ ሂሳብ ተዘጋጀ። መኪናውን የሚያቆም፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት የሚያመጣ፣ ለቄሱ የሚደውል ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ጎረቤት የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞተባቸው አሜሪካዊ አዛውንት በረንዳቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ቆዩና መጥተው ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጠየቁን። መሥሪያ ቤት የለውም፣ በየወሩ እናዋጣለን አልናቸው። “ታዲያ እኔም ማዋጣት እችላለሁ?” አሉ። ይችላሉ! ከዚያ ወዲህ መዝገባችን ላይ ስማቸው ከእኛ ስም ጋር ተራውን ጠብቆ ይጠራል፤ ወርሃዊውን ሲከፍሉ ፈገግታቸውን ብታዩት!

ለዚህ ነው ወግ አጥባቂ ነን ብለው በየቴሌቪዥኑ ሲጮሁ የሚውሉትን ወገኖቼን የምለምናቸው፤ ጥሩምባውን ንፉ፣ ድንኳኑን ትከሉ፣ የታመመውን ጠይቁ። ወግ የሚጠበቀው ሲሠራበት ነው። ከሌላውም ጎራ ደግ ሥራ ሲመጣ እንቀበል። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው የከለከለችው በግራው ሌበር ፓርቲ መንግሥት ነው፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። ልጅነትን ለወላጅ የሚመልስ ሕግ የማንም ይሁን!

በእኛ ቤት እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልክ ሁሉ አገልግል ውስጥ ይገባል፤ ከምሳ በኋላ አንድ ሰው የሳምንቱን ዜና በቃሉ ይነግረናል፣ ሌላው ይሞግተዋል። አባባ ጋ አንድ ሬዲዮ ስለነበረ ሁላችንም አንድ ዜና እንሰማ ነበር፣ በአንዱ ዜና እንከራከር ነበር። ያንን ነው ለልጆቼ መመለስ የፈለግኩት፤ ተመልሷልም! ጩኸቱ ውጭ ድረስ ይሰማል፤ ደስ ይላል፣ እዚህ አገር ግድግዳውን የሚፈራ የለም።

ባለፈው እሑድ ተራው የትልቋ ልጄ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ናት፣ ልቧ ለድሀ የሚራራ፣ ምላሷ ስል። የኒውዮርኩን ከንቲባ ዞህራን ማምዳኒን አነሣች፤ ዲሞክራሲያዊ ሶሻሊስት ነኝ ብለው እ.ኤ.አ. ኅዳር 2025 የተመረጡትን። ኪራይ እንዳይጨምር፣ አውቶቡስ በነፃ እንዲሆን፣ ከተማው ራሱ የምግብ ሸቀጥ መደብሮች እንዲከፍት የገቡትን ቃል ዘረዘረች። “ከተማው ራሱ ሱቅ ይከፍታል” ስትል እኔ ፊቴ የመጣው የቀበሌ ሱቅ ነው፤ የስኳር ካርድ፣ ገና ሳይነጋ የሚያዘው ሰልፍ፣ ተራ መያዣ የሚቀመጠው ድንጋይ፣ በሩ ሲከፈት “አልቋል”። ሁሉንም ነገርኳት። የአባባን ጣሪያ ነገርኳት። የቬኔዝዌላን ነገርኳት፤ በነዳጅ የታደለች አገር ዋጋ በአዋጅ ስትተምን ሱቆቿ ባዶ ቀርተው፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ዜጎቿ ተሰደው።

ልጄ ዝም ብላ ሰማችኝና “አባዬ፣ ደርግ በታንክ ነው የመጣው፤ እሳቸው በምርጫ ነው። ካልሠራ በምርጫ ይወርዳሉ። ደግሞ ኪራዩ እውነት ሰውን እየበላ ነው፤ ጓደኞቼ ተጋብተው ቤት መያዝ አልቻሉም። ቤተሰብ ይቅደም የምትለው አንተ አይደለህ?” አለችኝ። ታናሽ ወንድሟ ጠረጴዛውን ደበደበ፤ እናቷ ቶናውን እየቀዳች “እስቲ መልስ!” አለችኝ። የምርጫው ነገር ትልቅ ልዩነት ነው፣ አልካድኩም። የኪራዩም ነገር እውነቷን ነው፤ ወጣት ባልና ሚስት ቤት ማግኘት ካልቻሉ እኛ ወግ አጥባቂዎች የምንጠብቀው ምን ይቀረናል? መፍትሔው ግን ኪራዩን በአዋጅ ማሰር ሳይሆን ግንባታውን የሚያንቀውን ደንብ ፈትቶ ብዙ ቤት መሥራት ነው አልኩ። እሷም ብዙ ቤት እስኪሠራ ጓደኞቿ የት ይደሩ ብላ ያዘችኝ። በረካው ተጠጥቶ አለቀ፣ ክርክሩ አላለቀም! በመጨረሻ ተስማማን። እሷ አዋጅ ቁጥር 47ን ከመግቢያው ጀምራ ታነባለች፣ እኔ የከንቲባውን የቤት ዕቅድ፤ በሚቀጥለው እሑድ ቦታ ተቀያይረን፣ እኔ የእሳቸውን፣ እሷ የአባባን ወገን ይዘን እንከራከራለን።